ለፓርክ ተመላላሽ ሠዓሊ የኪስ የውሃ ቀለም፦ ሳጥኑ ይያዝ፣ ደብተሩ ይቅር

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጥ፣ እስከ መጨረሻው ማንበብ የሚሰለቸው አይጠፋምና። ይሄ ባለ 12 ቀለም የኪስ ሳጥን ጥሩ ነው። አብሮት የሚመጣው የውሃ ብሩሽም ይሠራል። ደብተሩ ግን አይረባም። ሦስቱ በአንድ ጥቅል ስለሚሸጡ ገዝቶ የተናደደ ሰው ብዙ ጊዜ ቀለሙን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የወረቀቱ ነው።

የዚህ ዓይነት ጥቅል በብዙ ስም ይወጣል። ሳጥኑም ቅርጹም ይመሳሰላል። ስለዚህ የድርጅት ስም ከምጠራላችሁ ምን ምኑን ማየት እንዳለባችሁ ብነግራችሁ ይሻላል።

የምጽፈው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው። በአቅራቢያው የተፈጥሮ ፓርክ ላለው፣ በዚያው መንገድ ደጋግሞ ለሚሄድ፣ ያንኑ ኩሬ ያንኑ ዛፍ ለሚሥል ሰው። አልፎ አልፎ ተራራ ወጥቶ ትልቅ ሸራ የሚወጥር ሠዓሊ ይሄን ዕቃ ቢንቀው አልፈርድበትም። ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራም ከዚህ የተሻለ ብዙ ምርጫ አለው። ተመላላሽ የሚፈልገው ሌላ ነው፦ ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ የሚኖር፣ ሲፈለግ ቶሎ የሚከፈት፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቶሎ የሚዘጋ ዕቃ።

እኔ የመስክ ዕቃን የምለካው በዚህ ነው። ከቦርሳ ወጥቶ የመጀመሪያው ቀለም ወረቀት ላይ እስኪያርፍ ምን ያህል ይፈጃል? ባለሦስት እግር ማቆሚያ፣ ሰፊ ሰሌዳ፣ የውሃ ማሰሮና የብሩሽ ጥቅልል ይዞ መውጣት ደስ ይላል፣ አልክድም፣ ግን ሰው ያንን ሁሉ ጥቂት ጊዜ ተሸክሞት ይሄድና አንድ ቀን «ዛሬ ይቅርብኝ» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ዕቃው ቤት ሲውል ሥዕሉም አብሮ ቤት ይውላል። ይሄኛው ሲዘጋ ስልክ ያህላል፣ ወፈር ይላል እንጂ። ክዳኑ ሲከፈት ማደባለቂያ ይሆናል። ከሥሩ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀለበት አለው። ይቺ ቀለበት ቀላል ነገር ትመስላለች። መሬቱ ረጥቦ መቀመጫ ሲጠፋ ግን ቆሞ መሣል የሚቻለው በእሷ ነው፤ ሳጥኑም ደብተሩም በአንድ እጅ ይያዛሉ፣ ሌላው እጅ ለብሩሹ ነፃ ይሆናል።

ማጠፊያው ትንሽ ላላ ይላል። የኔ ክዳን ነፋስ ሲመታው ይወዛወዛል። አልተሰበረም፣ ግን ይሰበራል ብዬ እጠብቃለሁ።

ሌላው ቅሬታ የማደባለቂያው ፕላስቲክ ነው። አዲስ ሲሆን ቀለሙን አይዝም። ውሃው እየተሰበሰበ ጠብታ ጠብታ ይሆናል፣ ሁለት ቀለም ሲደባለቅ ምን እንደወጣ በደንብ አይታይም። በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ ቀስ ብላችሁ እሹት፣ ላዩ ትንሽ ሲሻክር ቀለሙ መዘርጋት ይጀምራል። የፕላስቲክ ማደባለቂያ ያለው ሳጥን ሁሉ ይሄ ችግር አለበት፣ የዚህ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ቀለሙ። የውሃ ቀለም ማለት በአጭሩ የቀለም ዱቄትና የግራር ሙጫ ነው። ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅና ውሃ ሲነካው ቶሎ እንዲለቅ ደግሞ ግሊሰሪን ወይም ማር ይጨመርበታል። ድሮ የደረቁት ቀለሞች ድንጋይ ነበሩ፣ በውሃ ብዙ መታሸት ነበረባቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግሊሰሪን ሲገባባቸው ነው በእርጥብ ብሩሽ ነካ አድርጎ መሥራት የተቻለው። እ.ኤ.አ. በ1841 ደግሞ ጆን ጎፍ ራንድ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ ተጨምቆ የሚወጣውን የብረት ቱቦ በስሙ አስመዘገበ፣ ሠዓሊዎችም ቀለማቸውን ይዘው ደጅ ለመውጣት ቀለላቸው። ይሄን ያነሳሁት ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። የዚህ ሳጥን ትልቁ ጥቅም ፓኖቹ፣ ማለትም ቀለሙ ያለባቸው ትንንሽ መያዣዎች፣ ተነቅለው መውጣታቸው ነው። አንዱ ቀለም ሲያልቅ ከቱቦ ጨምቃችሁ ሞልታችሁ እንዲደርቅ መተው ነው። በሙጫ የተለጠፉ ከሆኑ ሳጥኑን አትግዙት። ለአንድ ሰማያዊ ማለቅ ሙሉ ሳጥን አይጣልም።

12 ቀለም ይበቃል? ይበዛል እንኳን። እኔ ስድስቱን ነው የምነካው። ነገር ግን አንድ ነገር በጣም አበሳጭቶኛል፣ እሱም አረንጓዴው ነው።

ፓርክ የሚሥል ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው ከአረንጓዴ ጋር ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት አረንጓዴ አለ። አንደኛው ፒጂ 7 (PG7) የሚል የቀለም መለያ ኮድ ያለው ፍታሎ አረንጓዴ ነው፣ ጉልበተኛ፣ ቀዝቃዛ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። እሱን እንዳለ አንስቶ ሣር ላይ የቀባ ሰው ሥዕሉ የፕላስቲክ ሣር ይመስልበታል። ሁለተኛው ደግሞ በፋብሪካ የተደባለቀ የሎሚ አረንጓዴ ነው፣ ስለሱ ባላወራ ይሻላል። ቀለሙ ጥራት አጥቶ አይደለም። ቅጠል እንደዚያ ስለማይታይ ነው። አንድ ዛፍ ሥር ቆማችሁ ወደ ላይ እዩ። ፀሐይ ከጀርባው የምታበራው ቅጠል ብርሃኑ በውስጡ ስለሚያልፍ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ አረንጓዴ ነው። እዚያው ዛፍ ላይ ፀሐይ ከፊት ያረፈችበትና ላዩ የሚያብለጨልጭ ቅጠል ደግሞ ሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ ሰማያዊ ግራጫ ይቀርበዋል። ጥላ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። አዲስ የወጣ ለጋ ቅጠል በብዙ የዛፍ ዓይነት አንቶሳያኒን በሚባለው ቀለም ምክንያት ቀላ ብሎ ነው የሚጀምረው። ያረጀው ላይ ደግሞ አረንጓዴው ክሎሮፊል ሲፈርስ ከሥሩ የነበረው ቢጫ ይገለጣል። ታዲያ በአንድ ዛፍ ላይ ይሄ ሁሉ እያለ ሁለት ፓን ምን ያደርጋል?

ስለዚህ ሁለቱን አረንጓዴዎች አወጣኋቸው። በአንዱ ቦታ ተጨማሪ ቢጫ፣ በሌላው በርንት ሲየና የሚባለውን ቡናማ ሁለተኛ ፓን አስገባሁ። አረንጓዴ ሲያስፈልገኝ እዚያው እደባልቃለሁ። አልትራማሪን ሰማያዊና ቢጫ ለስለስ ያለ አረንጓዴ ይሰጣሉ። ቡናማ ጠብ ሲደረግበት የደረቀ ሣር ይሆናል። ቢጫና ጥቁር ሲደባለቁ ወይራማ አረንጓዴ ይወጣል፣ ይሄን ያልሞከረ ሰው አያምንም፣ ለሻጋታና ለዛፍ ቅርፊት ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። አልትራማሪንና በርንት ሲየና ደግሞ አብረው ጥሩ ግራጫ ይሠራሉ፤ ወፈር ሲደረግ ወደ ጥቁር ይጠጋል፣ ሲቀጥን የዝናብ ደመና ይሆናል። አልትራማሪን ቅንጣቱ ሻካራ ወረቀት ጉድጓዶች ውስጥ ስለሚረጋ ሲደርቅ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ይላል። ለድንጋይና ለአፈር ይሄ በነፃ የመጣ ስጦታ ነው። ለጠራ ሰማይ ግን አልወደውም።

ስለ መደብዘዝ አንድ ነገር። በፓኑ ጎን በትንንሽ ፊደል የሚጻፈውን ኮድ አንብቡ። ፒቢ 29 (PB29) አልትራማሪን ነው፣ ብርሃን አይፈራም። ፒአር 83 (PR83) ካላችሁ እሱ አሊዛሪን ቀይ ነው፣ ያምራል፣ ግን ብርሃን ላይ ሲሰነብት ይለቃል። በብርሃን መጽናትን የሚለካው የአሜሪካኑ የኤ.ኤስ.ቲ.ኤም መለኪያ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው፤ 1 እና 2 ያሉት ለግድግዳ ይሆናሉ። ይሄ ሳጥን ውስጥ ያለው ሐምራዊ ምንም ኮድ አልተጻፈበትም፣ እና ኮድ የሌለው ቀለም እኔ አላምንም። ደብተር ውስጥ ተዘግቶ ለሚኖር ሥዕል ችግር የለውም። ግድግዳ ላይ ለምትሰቅሉት ግን አትንኩት።

የውሃ ብሩሹ ብዙ አያናግርም። እጀታው ውሃ ይይዛል፣ ጫን ሲሉት ጫፉ ላይ ይወርዳል። ማሰሮ መሸከም ቀረ ማለት ነው። ለመስክ ይሄ ብቻውን ይበቃዋል። ጉድለቱ ውሃው መቼም አለመቆሙ ነው። ደረቅ፣ ሻካራ፣ ወፍራም ጭረት ሲያስፈልግ፣ ለምሳሌ ለቅርፊት ወይም ለደረቀ ሸምበቆ፣ ብሩሹ እያለቀሰ ያበላሸዋል። ጨርቅ አጠገባችሁ ይሁን፣ ወይም አንድ አጭር ተራ ብሩሽ ጨምሩ። እኔ ጨምሬያለሁ። ቀለም ያለበትን ብሩሽ ጫፉ እንዲሾል በከንፈር የሚያስተካክል ሰውም አይቻለሁ። አታድርጉት፣ ካድሚየምና ኮባልት ያለባቸው ቀለሞች መርዝነት አላቸው።

ደረስን ወደ ደብተሩ።

ማሸጊያው ላይ «የውሃ ቀለም ወረቀት» ይላል። ካሬ ሜትሩ 190 ግራም ነው ይላል፣ ይመስለኛልም። ችግሩ የውሃ ቀለም ወረቀት ውሃ ሲጠጣ የሚይዘው ክብደት ያስፈልገዋል። ብዙዎች የሚመክሩት 300 ግራም ነው። ከዚያ በታች ሲሆን ገና የሰማዩን ቀለም ስትዘረጉ ወረቀቱ ያብጣል፣ ወገብ ያወጣል፣ ውሃው ወደ ጉድጓዱ ይወርድና እዚያ ይጠራቀማል፣ ሲደርቅም ዳር ዳሩ ላይ ጠርዝ ያለው እድፍ ይተዋል። ሰው ያኔ «እኔ አልችልም» ይላል። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ጀማሪ ስለሆነ ርካሽ ወረቀት ይበቃዋል የሚባለው ነገር ከሁሉ የከፋ ምክር ነው፣ ምክንያቱም የለመደ ሠዓሊ መጥፎ ወረቀትን ያውቀዋል፣ ይታገለዋል፣ ይሸሸዋል፣ ጀማሪው ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም።

ክብደቱ ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ከተፈጨ እንጨት ነው የተሠራው። ከጥጥ የተሠራ ወረቀት ውሃውን በእኩል ይጠጣል፣ ረጠብ ብሎ ይቆያል፣ ስለዚህ ሁለት ቀለም እርስ በርስ ቀስ ብለው እንዲገቡ ጊዜ ይሰጣል። የኩሬ ላይ ጉም፣ የሩቅ ዛፍ ጠርዝ፣ ደመና፣ እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። የዚህ ደብተር ወረቀት ግን ፀሐይና ነፋስ ባለበት ወዲያው ይደርቃል፣ ሁለተኛ ቀለም ስትደርቡበት የመጀመሪያው ተነስቶ ይመጣል፣ ከዚያ ጭቃ ነው። ጥጥ ወረቀት ውድ ነው፣ አዎ። መፍትሔ አለው፦ ትልቁን ሉህ ገዝቶ በፖስት ካርድ መጠን መቁረጥ። ከአንዱ ሉህ ብዙ ይወጣል። ቁርጥራጮቹን በሁለት መቆንጠጫ ጠንካራ ካርቶን ላይ ይዞ መሥራት ከደብተር ይመቻል፣ አንዱ እስኪደርቅ ሌላውን መጀመር ይቻላልና። የወረቀቱን ገጽ በተመለከተ ለመስክ መካከለኛ ሸካራ የሆነውን እመርጣለሁ። ለስላሳው ለአበባ ዝርዝርና ለቀለም እስክሪብቶ ጥሩ ነው፣ ግን ውሃው ላዩ ላይ ይሸራተታል።

ደብተሩን ግን አልጣልኩትም። ለእርሳስ ንድፍ ምንም አይለውም። ደግሞ ለአንድ ሌላ ነገር በጣም ጠቅሞኛል፣ ለቀለም መዝገብ። በሄድኩ ቁጥር ካንዱ ቦታ ቆሜ የማየውን ዋና ዋና ቀለም በትንንሽ አራት ማዕዘን ጎን ለጎን እቀባለሁ። ሥዕል አይደለም፣ ቀለም ብቻ። የሣሩ፣ የኩሬው፣ የሩቁ ኮረብታ፣ የሰማዩ። አጠገቡ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋስና ደመና ካለ እሱን እጽፋለሁ። ገጾቹ ሲጠራቀሙ ፓርኩ እንዴት እንደሚለወጥ ፎቶ የማያሳየውን ያሳያሉ፣ ስልክ አረንጓዴውን የራሱን አድርጎ ስለሚያስተካክለው። ቤት ገብቼ ትልቅ ሥዕል ስሠራ የማየው ይሄን እንጂ ፎቶውን አይደለም።

አሳቡ የኔ አይደለም፣ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስተብል እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ለንደን አጠገብ ሃምፕስቴድ ሜዳ ላይ እየተመላለሰ ሰማይና ደመና ብቻ ይሥል ነበር። ከብዙዎቹ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ ይጽፍበታል። አንዳንዶቹ ውስጥ መሬት ጭራሽ የለም። እሱ የሠራው በዘይት ቀለም ነው፣ ልማዱ ግን ለውሃ ቀለምም ይሆናል። ጠባብ ቦታ ይበቃል ለማለት ደግሞ ጀርመናዊውን ሠዓሊ አልብሬክት ዱረርን እጠቅሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1503 አንድ ጉብታ ሣር፣ ያውም ማንም ረግጦት የሚያልፈውን አረም፣ በውሃ ቀለም ሥሎ ዛሬም ቪየና አልበርቲና ሙዚየም ይገኛል። ስለዚህ «ፓርኬ ተራራ የለውም፣ ፏፏቴ የለውም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝቅ ብሎ እግሩ ሥር እንዲያይ ነው የምነግረው። የዚህ ሳጥን መጠንም ለእግር ሥር ነው የሚመቸው፤ ማደባለቂያው ትንሽ ስለሆነ ሰፊ ሰማይ ለመዘርጋት የሚበቃ ቀለም በአንዴ አይወጣበትም።

አንዳንድ ነገር ስለ አጠቃቀም፣ ዕቃውን ከመውቀሳችሁ በፊት። ወረቀቱ ላይ ፀሐይ በቀጥታ እንዲያርፍ አታድርጉ። ነጩ ዓይን ስለሚወጋ ቀለሙ ምን ያህል እንደጠቆረ አይለይም፣ ቤት ገብታችሁ ስታዩት ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጥላ ፈልጉ፣ ወይም ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ በራሳችሁ ጥላ ሥሩ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ስለሚነጣ በተረፈ ትንሽ ደፈር ብሎ መቀባት ነው። የዛፉን ጥላ ካሰባችሁት ቀድማችሁ ሥሩት፤ ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትሄዳለች፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ስትሥሉ ጥላው ቦታውን ለቆ ታገኙታላችሁ። ቀኑ ጥርት ያለ ከሆነ መሬት ላይ ያለውን ጥላ በጥቁር አትቅቡት። የሚያበራው ሰማዩ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ብሩሽ ያጠባችሁበትን ውሃ ኩሬ ውስጥ አትድፉ። ጠብታ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ከቀለሞቹ አንዳንዶቹ ለዓሣና ለውሃ ነፍሳት መርዝ ናቸው። የውሃ ብሩሹ እዚህ ላይ ይመሰገናል፣ ቆሻሻው ጨርቁ ላይ ይቀራልና ጨርቁን ይዞ መመለስ ብቻ ነው። አበባም ለሞዴል ብላችሁ አትቅጠፉ። አብዛኛው ፓርክ ይከለክላል፣ ባይከለክልም የተቀጠፈው ሳትጨርሱት ይጠወልግባችኋል።

ለማን ይሁን? መመላለስ ለጀመረና ገና ለሚወስን ሰው ሳጥኑን እመክራለሁ። ሳጥኑን ለብቻው ካገኛችሁት እሱን ውሰዱ፣ በተረፈው ጥጥ ወረቀት ግዙ። ጥቅሉ ብቻ ከሆነ ያለውም ይሁን፣ ግን ደብተሩን የእርሳስና የቀለም መዝገብ አድርጉት። ጥሩ የመስክ ሳጥን ያለው ሰው ይሄን የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም፣ ቀለበቷ ካልማረከችው በቀር። ትልልቅ ሥዕል የሚወድም ይለፈው። ለልጅ ከሆነ ደግሞ ፓኖቹ በቀላሉ ስለሚነቀሉ ትንንሾቹ ልጆች አፋቸው ውስጥ ይከቷቸዋል፣ ከፍ ያለ ልጅ እስኪሆን ቆዩ።